ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ለጀማሪ፦ መጀመሪያ ሳይንስ ወይስ ገንዘብ?

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ሮኬት ሰርቶ የማስወንጨፍ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በካሪየር ሞድ (ገንዘብም የምታስተዳድሩበት አጨዋወት)፣ በመደበኛው የከባድነት ደረጃ፣ የምትጀምሩት በ25,000 የጨዋታው ገንዘብ ነው። ቶሎ ያልቃል።

ሳይንስ መልቀም፦ ወጪው ኢምንት ነው። ሮኬቱ ገና መሬት ላይ ቆሞ የአብራሪው ሪፖርት የሳይንስ ነጥብ ያስገኛል። ችግሩ፣ የምርምር ማዕከሉ ካልተሻሻለ ከ100 ነጥብ በላይ የሚጠይቅ ቴክኖሎጂ (አዲስ የሮኬት ክፍል የሚሰጠው) አይከፈትም። ማሻሻያው ደግሞ በገንዘብ ነው! ነጥቤን ታቅፌ ቁጭ ያልኩበት ጊዜ ነበር።

ኮንትራት፦ ስትፈርሙ ቅድሚያ ክፍያ አለ። ቅድሚያውን በልታችሁ ስራውን ካልጨረሳችሁ ግን ቅጣት አለ፣ ስማችሁም ይወርዳል። አንዳንዱ ስራ በጣም ይደብራል።

በሁለቱም መንገድ ፓራሹት አትርሱ፤ በሰላም የወረደ ክፍል ዋጋው በከፊል ይመለሳል።

የሮኬት ክፍል ከጎደላችሁ ሳይንሱ ይቅደም። ማስወንጨፊያው ከ18 ቶን በላይ አላስነሳ ካለ፣ እሱን ለማሻሻል ገንዘቡ ይቅደም።