«ሰዓቷ ነው»፦ እህቴን ለምትከታተል ሲስተር

ጅማዎች፣ እንዴት ናችሁ? ይህን ጽሁፍ ከጻፍኩት ወር አልፎታል። ያልለጠፍኩት እህቴ አንብባ እስክትፈቅድልኝ ነው። ትናንት ማታ መለሰችልኝ፤ ሁለት ቦታ ሰርዛ አንድ ቦታ ጨምራለች። የሰረዘችውን አታገኙትም። የጨመረችውን መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ።

ምስጋናው ለአንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው። እኛ ቤት «ሲስተር» ብቻ ነው የምትባለው። ስሟን ያልጻፍኩት ራሷ ስለከለከለችኝ ነው። «ጅማ ትንሽ ከተማ ናት። የኔ ስም እንዲህ ከወጣ ነገ ደጄ ላይ የታየ ልጅ ሁሉ ምን እንዳለበት ይወራበታል» አለችኝ። ልክ ናት። እዚሁ ጅማ መርካቶ የታየ ሰው ቆጪ ሰፈር ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል።

እህቴ 22 ዓመቷ ነው። ነገሩ 12ኛ ክፍል እያለች ነው የጀመረው፤ እኛ ግን የዕድሜ ነገር ነው ብለን ተውነው። የላከችው መልእክት ሁለት ሰዓት መልስ ካጣ የተተወች ይመስላታል። ጠዋት «እንዳንቺ ያለ ጓደኛ የለኝም» ያለቻትን ልጅ ማታ ቁጥሯን ታጠፋዋለች። እኔም በአንድ ቀን ሁለቱንም ሆኛለሁ፤ ከምሳ በፊት «አባቴም ወንድሜም አንተ ነህ» ተብዬ ከእራት በኋላ በርጩማ ተወርውሮብኛል። እዚሁ ጅማ የሚጠረበውን ባለሦስት እግሩን ታውቁታላችሁ። አንድ እግሩ ተሰንጥቆ እማዬ በሽቦ አስራዋለች፤ ቡና ስታፈላ አሁንም እሱ ላይ ነው የምትቀመጠው። ከንዴቱ ይልቅ ከንዴቱ በኋላ የሚመጣው ይከፋ ነበር። በር ዘግታ ራሷን ትጎዳ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጫቱም ነበረ። እዚህ ከተማ ስለ ጫት ክፉ መናገር ቡናን እንደ መሳደብ ነው፣ ግን ልናገር። «ስመረቅን ባዶነቱ ይጠፋልኛል» ትለኝ ነበር። ከዚያ እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ በትንሽ በትልቁ ይነድዳል፣ እሷማ ምኑ ቅጡ።

ቤተ ዘመዱ የየራሱን ምርመራ አደረገ። አክስቴ መተት ነው አለች፣ ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ አጎቴ «ጥጋብ ነው፣ ሁለት ቀን ብትራብ ይለቃታል» አለ። አልዋሽም፣ እኔ ከአጎቴ ጋር ነበርኩ። ጸበልም ሄድን። ከዚያ ወደ ሕክምና። አንዱ ቦታ (የት እንደሆነ ይቅር) ገብተን ሳንረጋጋ «ባይፖላር» (ስሜት ለቀናት እጅግ ከፍ፣ ሌላ ጊዜ እጅግ ዝቅ የሚልበት ሕመም) ተባለ፣ ሦስት ዓይነት ክኒን ተጻፈ። ወፈረች፣ ቀን ትተኛ ጀመር፣ ንዴቱ ግን ባለበት ነው። ሌላ ቦታ አንዱ ባለሙያ እሷው ፊት «እንዲህ ያሉት አይድኑም፣ ሰው እንዲያያቸው ነው የሚፈልጉት» አለኝ። ከዚያ ወጥተን በባጃጅ ፈረንጅ አራዳ እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እዚያ ስትደርስ «ሰማኸው አይደል?» አለችኝ።

ሲስተር ጋ ያደረሰችኝ የሱቄ ደንበኛ ናት። የጽህፈት መሣሪያ ነው የምሸጠው። ሲስተርም መጀመሪያ ያዘዘችን ከዚያው ከሱቄ ደብተር ነው፤ ባለ 32 ገጽ፣ ርካሹ። «ስሜቷ በተቀየረ ቁጥር ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የሆነውን ትጻፍ። ሌላ ምንም አትጨምሩ» አለችን። ሦስት ሳምንት ተጻፈ። ሲስተር ደብተሩን ዘርግታ አሳየችኝ። የባይፖላር ከፍታ ቀናት የሚቆይ ነው፤ ማኒያ ለመባል አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ ቀለል ያለው እንኳ 4 ቀን። የእህቴ ደብተር ላይ በአንድ ማክሰኞ ብቻ አምስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ለአምስቱም መነሻ ተጽፏል፤ ያልተነሳ ስልክ፣ እማዬ የተነፈሰችው ረጅም ትንፋሽ፣ እኔ «ቆይ» ያልኳት። ሲስተር ራሷ በሽታውን አልሰየመችም። «ይህ የኔ ሥልጣን አይደለም» ብላ ከነደብተሩ ወደ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ላከችን። ቦርደርላይን የሚባለው የስብዕና መታወክ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። መለያው 9 ምልክቶች አሉት፣ 5ቱን ያሟላ ነው የሚባለው። እህቴ 7 አላት።

እዚህ ጋ ስለ ቃሉ ትንሽ ላጉረምርም። «የስብዕና መታወክ» ብሎ የተረጎመው ሰው እናት የለውም? በእኛ ቋንቋ «ስብዕና የለውም» ስድብ ነው፤ ነውረኛ ማለት ነው። እማዬ እንደሰማች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ልጄ ስብዕና የላትም ነው የሚሉኝ?» ብላ አለቀሰች። ሲስተር ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ውጪ ዝናቡ ያወርደው ነበር፣ የክፍሉ ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። «ይህን ይሰማሉ እናቴ? ይሄኔ ሣር ቤት ውስጥ ቢሆኑ ይህን ያህል አይሰማዎትም። ዝናቡ ግን አንድ ነው። ልጅዎ የምትኖረው ቆርቆሮው ሥር ነው። አጋነነች አይበሏት፣ እሷ የሚሰማት እንዲህ ነው» አለቻት። እማዬ እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ጩኸት ሲነሳ «ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ነው» ትለኛለች።

ሕክምናውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው መርፌ ወይም ክኒን ይጠብቃል። ለቦርደርላይን ብቻ ተብሎ የወጣ መድኃኒት የለም። ድብርት ወይም ሌላ ነገር አብሮ ካለ ለሱ ይሰጣል። የእህቴን ክኒኖች ሐኪሙ ቀስ በቀስ ከሦስት ወደ አንድ አወረዳቸው (በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ አደራ!)። ዋናው ሕክምና ንግግርና ልምምድ ነው፣ ረጅምም ነው። በሰፊው የተጠናው ዲቢቲ የሚባለው ሲሆን ያዘጋጀችው ማርሻ ሊነሃን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ናት። ይህች ሴት በ17 ዓመቷ ራሷን ስትጎዳ የአእምሮ ሆስፒታል ገብታ የነበረች መሆኗን እ.ኤ.አ. በ2011 በአደባባይ ተናግራለች። ይህን ለእህቴ የነገረቻት ሲስተር ናት። እህቴ ማታ ፎቶዋን ፈልጋ አገኘች፤ አሮጊት ሆና። «አርጅታለች» አለችኝ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እሷ ግን 30 ዓመት እሞላለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሲስተር «ሙሉውን ዲቢቲ እሰጣለሁ» አትልም። ሙሉው የግል ሕክምና፣ የቡድን ትምህርት፣ በመሀል በስልክ መረዳዳትና እርስ በርስ የሚደጋገፍ የባለሙያ ቡድን አለው፤ እሷ ብቻዋን ናት። «ያለኝን እሰጣለሁ፣ የሌለኝን አለኝ አልልም» ነው ያለችን። ከሷ በፊት ያገኘናቸው ሁሉ ሁሉን የሚችሉ ነበሩ።

ከሰጠችን አንዱ የቀዝቃዛ ውኃው ዘዴ ነው። ንዴቱ ጣራ ሲነካ ትንፋሽን ይዞ ፊትን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር፣ እስከ 30 ሰከንድ። ሰውነት ጠላቂ ዋናተኛ የሆነ ይመስለውና የልብ ምቱን ያቀዘቅዛል። (የልብ ችግር ያለበት ሐኪም ሳይጠይቅ አይሞክረው።) መጀመሪያ የተደረገው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እኔ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ይዤ፣ እሷ ውኃ እያንጠባጠበች፣ እማዬ በር ላይ ቆማ «ጸበል አመጣችሁ እንዴ?» ትላለች። እህቴ ሳፋው ውስጥ እንዳለች ሳቀችና ውኃው ትን አላት። በዚያ ቤት በዚያ ሰዓት ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም።

ሌላው ከባዱ ደንብ ነው። ሲስተር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልክ አታነሳም። በዚህ ተጣልቻታለሁ፤ «ሕመሙ እኮ ሌሊት ነው የሚነሳው!» ብዬ ጮኬባታለሁ። አልጮኸችብኝም። «ሌሊቱን ሙሉ አነሳለሁ ብዬ አንድ ሌሊት ብተኛባት ምን ትሆናለች?» አለችኝ። ከዚያ ሦስታችንን አስቀምጣ የሌሊቱን ወረቀት አጻፈችን፦ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች፣ ካልሆነ ማንን ትቀሰቅሳለች (እኔን)፣ ካልሆነ የት እንሄዳለን። በሯ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። መድኃኒቶቹ ቤት አያድሩም፣ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈው ነው የሚያድሩት።

እኔንም አስተምራኛለች፤ ዘግይቶም ቢሆን። «ምንም አልሆንሽም» የሚለውን ከአፌ አስወጣችው። አሁን መጀመሪያ «ከብዶሻል» እላለሁ፤ ሐሳቧን መቀበል ባልችል እንኳ ሕመሟን እቀበላለሁ። ቀላል ይመስላል? ሞክሩት፣ በርጩማ እየተወረወረባችሁ።

አሁን ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ ነገር ጋ ደረስኩ። በአምስተኛው ወር ሲስተር ለአንድ ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ልትሄድ ሆነ። ለእህቴ የነገረቻት ከመሄዷ ስድስት ሳምንት በፊት ነው። የምትሄድበትንና የምትመለስበትን ቀን ካላንደር ላይ አክብባ ሰጠቻት፤ «ሐሙስ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት እዚህ ነኝ» ብላ ጻፈችበት። እህቴ «ሂጂ፣ ሁሉም ይሄዳል» ብላ ካላንደሩን ቀዳ ጥላላት ወጣች። በዚያ ወር ቤታችን እንዴት እንደነበረ አትጠይቁኝ። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አድረናል።

ሐሙሱ ደረሰ። እህቴ አልሄድም አለች፤ «አታላይ ናት፣ ዶክተር ልትሆን ነው፣ እኔን ረስታኛለች»። ለምኜ ሲያቅተኝ አትመጣም ብዬ ልነግራት እኔው ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይሆናል። በሩ ገርበብ ብሏል። ሲስተር ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ስልክ አልያዘችም፣ ወረቀት አትጽፍም። ኮሪደሩ ላይ ሰው ተደርድሯል።

«አትመጣም ሲስተር፣ ይቅርታ።»

«ገባኝ።»

«ታዲያ ሌላ ሰው አታስገቢም?»

«እስከ አሥር ሰዓት ሰዓቷ ነው» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ለእህቴ እንዳለ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ብዙ ቆይታ «ብቻዋን?» አለች። «ብቻዋን።» «እስከ አሥር?» «እስከ አሥር።» ሌላ ነገር አላለችም። በቀጣዩ ሐሙስ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ጫማ አድርጋ በር ላይ ቆማ ነበር።

ኮሪደር ላይ የነበራችሁ ሰዎች ያን ቀን ተበሳጭታችሁ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን አንድ ሰዓት ነው ያስከፈላችሁ፤ እኛ ልጅ ተመለሰልን።

ዳነች ወይ ለምትሉኝ፣ አልዳነችም፣ እየዳነች ነው። ሕክምና ከጀመረች 14 ወር ሆኗታል፣ ራሷን ከጎዳች 8 ወር አልፏታል። በዚህ መሀል ሦስት ጊዜ «ጨርሻለሁ፣ አልሄድም» ብላለች። ጫቱን ቀንሳለች እንጂ አልተወችም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሳህን ሰብራለች፤ ራሷ ጠረገችው። ማታ ማታ አካውንቲንግ እየተማረች ነው። ቁጥር ስለምወድ ሲስተርን «ስንቱ ይድናል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። አሜሪካ ቦስተን አጠገብ ያለው ማክሊን ሆስፒታል 290 ታካሚዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። በ10 ዓመት ውስጥ ከ100 ሰው 93ቱ ቢያንስ ለ2 ዓመት የበሽታውን መለያ የማያሟሉ ሆነው ተገኝተዋል። ሥራውም ማኅበራዊ ኑሮውም ጭምር በደንብ የተስተካከለላቸው ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። ሲስተር ሁለቱንም ቁጥር ነው የነገረችኝ። «አይድኑም» ያለኝ ሰውዬ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ልጃችሁ፣ እህት ወንድማችሁ እንዲህ ከሆነባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሲስተርን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ወረፋ አላት፣ ታገሱ። ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ከሆነ ግን የኔን መልስ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም እዚያው አለ። ጸበል ለምትሄዱም ሲስተር አትከለክልም፣ «ቀጠሮውንና መድኃኒቱን ብቻ አታስቀሩ» ነው የምትለው። አክስቴ ይህን ሰምታ ታርቃታለች።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እማዬ የጎማ ወረዳ ቡና ቆልታ አስቀምጣልሻለች፣ አልቀበልም እንዳትያት።

እህቴ ያስጨመረችው ይኸው ነው፤ እንደጻፈችው፦ «መጀመሪያ ቀን ታስጠላችኋለች። እኔንም አስጠልታኝ ነበር። ሁለተኛ ቀን ሂዱ።»