“32 ዲግሪ” ተብዬ የገዛሁት የመኪና ፍሪጅ፣ ከ7 ወር በኋላ

መጀመሪያ ስለ ቁጥሯ ልናገር፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሷ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 32 ይላል፣ ፋራናይት መሆኑ ነው። ሚኒሶታ ለሚኖር ሰው 32 ማለት ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነው፣ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እንኳን አልስተውም፣ ስለዚህ “በቃ ይሄ እስከ በረዶ ይወርዳል” ብዬ ተሸክሜው ወጣሁ። ከቁጥሩ ስር ቁንጫ በምታክል ፊደል “ከአካባቢው ሙቀት በታች” የምትል ነገር እንዳለች ያየሁት ፓራጓይ ከደረስኩ በኋላ ነው፣ ያውም ባለቤቴ በጣቷ አሳይታኝ።

ገባችሁ አይደል? ወደ 32 አያወርድም፣ 32 ነው የሚቀንሰው። ውጪው 108 ከሆነ፣ በሴንቲግሬድ 42 ማለት ነው፣ ውስጡ 76 ይሆናል፣ 24 ምናምን። እሱን እንኳን ሳሎኔ ውስጥ በነፃ አገኘዋለሁ።

ሻጩን ልጅ እስከዛሬ በሃሳቤ እየተጨቃጨቅኩት ነው። “ቀኑን ሙሉ ያቀዘቅዛል?” አልኩት፣ “ቀኑን ሙሉ ጌታዬ” አለኝ። አልዋሸም እኮ፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ምን ያህል ብዬ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። አሁን ባገኘው “ወንድሜ፣ ጃንዋሪ ላይ ሰሜን አርጀንቲና ልነዳ ነው ብዬህ አልነበር?” እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ “ታዲያ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል” ይለኛል፣ እኔም ዝም እላለሁ።

ለራሴ ጥብቅና ልቁምና፣ ስገዛው ምክንያት ነበረኝ። ጥቅምት ላይ ነው የገዛሁት፣ 110 ዶላር። ትክክለኛው ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ በትንሹ ሦስት እጥፍ ነው ዋጋው፣ ክብደቱ ደግሞ ከሻንጣ ኪሎ ጋር አያስማማም። ይሄ ጋዝ የለው፣ ኮምፕሬሰር የለው፣ አራት ኪሎ ቢሆን ነው፣ ልብስ ጠቅጥቄበት ሻንጣ ውስጥ ገባ። እዛ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ባለቤቴ “እዛ እኮ ጥር በጋ ነው፣ ሁመራ በለው” ስትለኝ “ለዛ አይደል እንዴ ፍሪጅ የገዛሁት” ብያታለሁ፣ ይቺን አረፍተ ነገር መንገዱን ሙሉ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ እየመለሰች ሰጥታኛለች።

መንገዳችን ከፓራጓይ ዋና ከተማ ከአሱንሲዮን ተነስቶ በክሎሪንዳ ወደ አርጀንቲና ገብቶ፣ በፎርሞሳና በሬሲስቴንሲያ አልፎ ሳልታ የሚያደርስ ነው፣ መኪናው ድንበር ማለፍ የሚፈቀድለት ኪራይ። እዛ አካባቢ ቻኮ ይሉታል፣ ሜዳ ብቻ ነው፣ ለጥ ያለ፣ እሾህ፣ አቧራ፣ ከብት። የሙቀቱን ነገር አጋነነ እንዳትሉኝ፣ የደቡብ አሜሪካ የሙቀት ሪከርድ ራሱ የተመዘገበው እዛው ሳልታ ክፍለ ሀገር ሪቫዳቪያ የምትባል ቦታ ነው፣ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እ.ኤ.አ. በ1905። እኔ እንግዲህ በዚህ አገር ላይ ነው በ32ቴ የዘመትኩት።

የመጀመሪያው ቀን ከዕቃ ጋር ኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀመጥነው። ድንበር ላይ ፍራፍሬና ስጋ ስለማያሳልፉ ፈታሹ ክፈቱ አለን፣ ከፈትን፣ እጁን አስገብቶ ትንሽ አቆየና “ይሰራል?” አለኝ። የእርጎው ክዳን እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ አይቡ ላብ አልቦት የራሱ ዘይት ውስጥ ተኝቷል። ባለቤቴ መስኮቱን እያየች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እያለቀሰች እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ማታ ሆቴል ገብቼ አነበብኩ፣ ከመግዛቴ በፊት ማንበብ የነበረብኝን ማለት ነው። ነገሩ ፔልቲየር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1834 የደረሰበት ነው፣ ሁለት ዓይነት ማስተላለፊያ አጋጥመህ ኤሌክትሪክ ስታሳልፍበት አንዱ ጎን ይቀዘቅዛል ሌላው ጎን ይግላል። የጋለውን ጎን ሙቀት ቬንትሌተር ወደ ውጪ ይተፋዋል፣ ውጪው ራሱ ከጋለ ግን ወዴት ይትፋው? ስለዚህ ፍሪጁ ያለበት አየር ነው ወሳኙ። በማግስቱ ኋላ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ቀበቶ አሰርንለት፣ ኤሲው ጋቢናውን በሴንቲግሬድ 26 አካባቢ ሲያደርሰው ውስጡ 8 ሆነ፣ ውሃው ጥሩ ነበር፣ አልክድም። ግን እስቲ አስቡት፣ ውሃዬን ያቀዘቀዘው እኮ የመኪናው ኤሲ ነው፣ ፍሪጁ መሃል ገብቶ ኮሚሽን የሚበላ ደላላ ነው፣ ያውም የራሱን ትኩስ ትንፋሽ አንገታችን ላይ እየለቀቀ።

ይሄንንም እችለው ነበር፣ ፓምፓ ዴል ኢንፊዬርኖ ባይመጣ። ስሙ የገሃነም ሜዳ ማለት ነው፣ ቀልድ አይደለም፣ ከሬሲስቴንሲያ ሩታ 16 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ የምታገኙት ከተማ ነው፣ ከሱ በኋላ የምትመጣው ትልቋ ከተማ ሞንቴ ኬማዶ ደግሞ የተቃጠለ ጫካ ነው ትርጉሟ፣ ስም አውጪዎቹ ደብቀውን አያውቁም። እኩለ ቀን ላይ ገባን፣ ምሳ በላን፣ ፀሐይዋ እስክትበርድ ጥላ ስር አራት ሰዓት ያህል ቆየን። የመኪናው ሞተር ጠፍቷል፣ የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ግን ቁልፉ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዓይነት ነው፣ ፍሪጁም 5 አምፒር ገደማ እየጠጣ ቁጭ ብሏል። ደህናዎቹ ፍሪጆች ባትሪው ሲወርድ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ ይሄኛው እንደዛ የሚባል ነገር አያውቅም፣ የመጨረሻዋን ጠብታ እስኪጨርስ ይመጠምጣል። ባትሪው አሮጌ ነበር፣ ሙቀት ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል። ቁልፉን አዞርኩ፣ ጠቅ አለ። ደግሜ አዞርኩ፣ ጠቅ።

እዛ አገር ከቀትር በኋላ ሲዬስታ ነው፣ ሱቁም ጋራዡም ዝግ፣ መንገድ ላይ ውሻ እንኳን የለም። ምሳ የበላንበት ቤት ሴትዮ አዘነችልንና ልጇን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው፣ ልጁ ጃምፐሩን በአንድ እጁ ይዞ መጣ። በሌላኛው እጁ ቆዳ የለበሰ ቴርሞስ ይዟል፣ ቴሬሬ የሚሉት አለ፣ ማቴ ቅጠልን በበረዶ ውሃ የሚጠጡት፣ ፓራጓይ ውስጥ ያለዚያ ቴርሞስ የሚሄድ ሰው አላየሁም፣ ቻኮም ያው ነው። ባትሪውን አገናኝቶ አስነሳልንና ኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮ የተቀመጠውን ነገር አየ። ምንድነው አለ። ፍሪጅ አልኩት። ገባ ብሎ ከፈተው፣ አንዷን ጠርሙስ ነካ፣ ምንም አላለም። ከዛ ቴርሞሱን ጆሮዬ ስር አምጥቶ ነቀነቀው። ከጠዋት የገባ በረዶ፣ ኳ ኳ ኳ ይላል። “ፍሪጅ ይሄ ነው” አለኝ። ብር ልስጥህ ብለው እምቢ አለ፣ ይልቅ ቴሬሬ በሚጠጡባት የቀንድ ዋንጫ ቀዳልኝ፣ የጠጣሁትን ያህል ቀዝቃዛ ነገር በሕይወቴ ጠጥቼ አላውቅም።

በዛው ከነዳጅ ማደያ ፎም ሳጥንና አንድ ከረጢት በረዶ ገዛን፣ ሳልታ እስክንገባ በቂ ነበር። ሳልታ ከ1,100 ሜትር በላይ ነው፣ ወይና ደጋ በሉት፣ ማታ ማታ ነፋስ አለ፣ ሰው ይሆናል ሰው። ፍሪጁ ከዛ በኋላ የባለቤቴን ጫማ ነው የያዘው።

እዚህ ጋ ብጨርሰው “አትግዙ፣ ገንዘብ ማቃጠል ነው” ብዬ ነበር የምዘጋው፣ የካቲት ላይ ጽፌውም ነበር። ችግሩ ጎኑ ላይ ያለችው ቀይ በተን ናት። ማሞቂያ። ኤሌክትሪኩን ስትገለብጠው ቀዝቃዛው ጎን ይግላል፣ ያው ሳይንስ ነው፣ እኔ ግን ቻኮ ላይ ሆኜ ያቺን በተን ባየሁ ቁጥር እንደ ስድብ ነበር የምቆጥራት። ሚኒሶታ ተመለስን፣ ውጪው ዜሮ በታች፣ ወጥ ቤታችን ብርድ፣ ሊጥ አምስት ቀን ሙሉ አልነሳ ብሎ ይተኛል። ባለቤቴ አንድ ቀን ሳትነግረኝ ሊጡን ከነባልዲው ውስጡ ከተተችው፣ ከግድግዳ ሶኬት በአዳፕተር ሰክታ ለሃያ ደቂቃ ያህል አሞቀችና አጥፍታ ዘጋችው። ከዛ በላይ ከተተወ ይበስላል፣ መሞከር አያስፈልግም፣ እኔ ሞክሬ ተሰድቤያለሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከፈተችው፣ ውሃው ላይ አቅርሯል፣ አረፋው ቡፍ ቡፍ ይላል፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። እንጀራው ዓይኑ ሙሉ ነበር።

አሁን ታዲያ ምን ልበላችሁ። ለጉዞ ከሆነ በጭራሽ፣ ቴርሞስና በረዶ ግዙ፣ ካላመናችሁኝ የፓምፓ ዴል ኢንፊዬርኖን ልጅ ጠይቁት። ቬንትሌተሩም የቻኮ አቧራ ከገባበት ወዲህ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። በ40 ዶላር ለሽያጭ ለጥፌው አንድ ሰው ቅዳሜ ልምጣ ብሎ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያውን አነሳሁት፣ ሊጥ አለበት።