የድሬ ሸራ ጫማ በስቶክሆልም ድንጋይ ላይ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ይህን ጥቁር ሸራ ጫማ ስገዛ ሻጩ «እናቴ፣ ሐረር ድረስ በእግር ያደርስሻል» አለኝ፤ የድሬ ልጅ አንቱ አያውቅም። እኔ ግን የፈተንሁት ልጄን ልጠይቅ በሄድሁበት ስቶክሆልም ነው።

ጠዋት ከአሮጌው ከተማ፣ ከጋምላ ስታን ጀመርን። ሶሉ ስስ ስለሆነ የእያንዳንዱ ጥርብ ድንጋይ ጠርዝ ይሰማኝ ነበር። ከተማዋ የተዘረጋችው በ14 ደሴቶች ላይ ነውና ድልድዩ አያልቅም። ሞርተን ትሮትሲግ የሚሉት መተላለፊያ በጠባቡ ቦታ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልጄ ተደነቀ፤ እኔ የጀጎልን ጀርባ መንገዶች አስታወስሁት። 36ቱን ደረጃዎች ጫማው አንዴም ሳያንሸራትተኝ አወጣኝ፤ እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ሸራው ውሃ ጠጣ፣ ሙጫው ለቀቀ፣ የውስጡ ንጣፍ ተረከዜ ስር ተጠቀለለ። ቫሳ ሙዚየም ውስጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628 ከሰጠመችው መርከብ ፊት፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ንጣፉን ሳቃና ልጄ አፍሮ ራቅ አለ።

ለዝናብ አገር አትግዙት። ለድሬ ሙቀት ግን እግር አያፍንም፣ ቀላል ነው። ስመለስ ንጣፉን አስለጠፍሁት፤ ዛሬም ቀፊራ ገበያ የምወርደው በእርሱ ነው።