ራይዘን 5 5600 ከአርኤክስ 6600 ጋር፦ ለመካከለኛ በጀት የሚሆን የጌም ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ ሲገመገም

ስብስቡ ይህ ነው፦ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 3200 ራም (8 ጊጋባይት ሁለት ፍሬ)፣ ራዲዮን አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ፣ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እና ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ። የታሰበው 1080ፒ (ፉል ኤችዲ) ሞኒተር ላይ ለሚጫወት ሰው ነው። 1440ፒ ላይ ሴቲንግ መቀነስ ግድ ይላል፤ 4ኬ የሚፈልግ ሌላ በጀት ይዞ ይምጣ።

ከግራፊክስ ካርዱ እንጀምር፤ ገንዘቡም ስህተቱም ያለው እዚያ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ከ35 እስከ 40 በመቶ ለሱ ቢመደብ አይበዛም። ብዙ ገዢ ግን ስሙ የገነነ ፕሮሰሰር ይገዛና ለካርዱ ፍርፋሪ ያስቀራል። ውጤቱ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ካርዱን ሲጠብቅ መዋል ነው።

አርኤክስ 6600 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ 132 ዋት ይበላል፤ አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ ይበቃዋል። አብዛኞቹን ጌሞች በ1080ፒ በሰከንድ ከ60 ፍሬም (ምስል) በላይ ያስኬዳል። በጣም ከባድ የሆኑት አዳዲሶቹ ላይ ግን ቴክስቸርና ጥላ መቀነስ ወይም ኤፍኤስአር (ጌሙን በዝቅተኛ ጥራት አስልቶ ምስሉን የሚያሳድግ የኤኤምዲ ዘዴ) ማብራት ያስፈልጋል። ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ነጸብራቅን እንደ እውነተኛው የማስላት ዘዴ) ላይ ደካማ ነው፤ ለዚያ ብላችሁ አትግዙት።

ወጥመዱ ከሱ ዝቅ ብለው በተደረደሩት ላይ ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ስሙ ቅርብ ስለሆነ ትንሽ የሚያንስ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሜሞሪው 4 ጊጋባይት፣ የሜሞሪ መስመሩ 64 ቢት፣ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ደግሞ 4 ብቻ ነው። 4 ጊጋባይቷ ስትሞላ ካርዱ የጎደለውን ከራም ላይ በዚያ ጠባብ መንገድ ማመላለስ ይጀምራል። ቦርዱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 (ከ4.0 በፊት ያለው ትውልድ) ከሆነ መንገዱ በግማሽ ይጠብና ጌሙ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ቪዲዮ የሚቀዳ ኢንኮደርም የለውም፤ ስትሪም ማድረግ ለሚፈልግ ጭራሽ አይሆንም።

ከኤንቪዲያም ተመሳሳይ ነገር አለ። አርቲኤክስ 3050 በሚል አንድ ስም ባለ 8 እና ባለ 6 ጊጋባይት ካርዶች ይሸጣሉ። ልዩነቱ የሜሞሪ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ባለ 6ቱ ኩዳ ኮሩ (የካርዱ ትንንሽ ማስሊያ ክፍሎች) ከ2560 ወደ 2304፣ የሜሞሪ መስመሩም ከ128 ወደ 96 ቢት ወርዷል። ካርቶኑ ላይ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን አንብቡ።

አርቲኤክስ 4060 በትንሽ ጭማሪ ከተገኘ እሱ ይሻላል፦ ፍጥነቱ ይበልጣል፣ ዲኤልኤስኤስ (የኤንቪዲያ ምስል ማሳደጊያ ዘዴ) አለው፣ 115 ዋት ብቻ ይጠይቃል፣ ኤቪ1 በተባለው አዲስ የቪዲዮ ፎርማት ይቀዳል። ጭማሪው ብዙ ከሆነ ግን 6600 ላይ ቆዩ። የኢንቴሉ አርክ ቢ580 12 ጊጋባይት ስላለው ያጓጓል። ሆኖም ሪሳይዘብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርግ ሴቲንግ) የማይሠራበት ኮምፒውተር ላይ አቅሙ ክፉኛ ይወድቃል፤ በአንዳንድ ጌሞች ላይም ከ5600 ጋር ሲጣመር ካርዱ የሚችለውን ያህል አይሰጥም። አዲስና ፈጣን ፕሮሰሰር ላለው ይሁን።

ወደ ፕሮሰሰሩ ስንመጣ፣ 5600 ስድስት ኮርና 12 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራቸው ሥራዎች) አለው፤ ኤል3 ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) 32 ሜጋባይት ነው። ወንድሞቹ 5500 እና 5600ጂ ተመሳሳይ የኮር ብዛት ቢኖራቸውም ካሻቸው 16 ሜጋባይት ነው፤ ፒሲአይ ኤክስፕረሳቸውም 3.0 ነው። ጌም ካሽ ስለሚወድ ልዩነቱ ፍሬም ላይ ይታያል። 5600ጂ ትርጉም የሚኖረው ግራፊክስ ካርዱን በኋላ ለመግዛት ላሰበ ሰው ነው፤ 5600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ያለ ካርድ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። ከኢንቴል በኩል እኩያው ኮር አይ5 12400ኤፍ ነው፤ ሁለቱ መካከል ቦርዱን ጨምሮ የረከሰውን መውሰድ ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ኤፍ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት።

የዚህ ስብስብ እውነተኛ ድክመት ኤኤም4 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት) ነው። ከ5000 ተከታታይ በላይ የሚቀበለው የለም፤ 5700ኤክስ3ዲ ወይም 5800ኤክስ3ዲ ከተገኘ ማሳደግ ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ቦርድም ራምም መቀየር ነው። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ፕሮሰሰር ለመቀየር ያሰበ ገንዘቡ ከደረሰ ከወዲሁ ራይዘን 5 7600፣ ኤኤም5 ቦርድና ዲዲአር5 ቢይዝ ይመረጣል።

ማዘርቦርዱ ቢ550 የሆነው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 ስላለው ነው፤ ኤ520 እና ቢ450 3.0 ላይ ይቆማሉ። ቢ450 ርካሽ ሆኖ ከተገኘ ለ6600 ችግሩ ትንሽ ነው። ችግሩ ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ነው፦ አሮጌ ባዮስ የተጫነበት ቦርድ 5000 ተከታታይን አያውቅም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ምስል የለም። ሻጩ ባዮሱን አድሶ ካልሰጠ፣ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ማደስ የሚያስችል ቁልፍ ያለውን ቦርድ ምረጡ።

ራም ሁለት ፍሬ መሆን አለበት። አንድ ባለ 16 ከገባ ሜሞሪው በአንድ ቻናል ብቻ ይሠራል፣ ፍሬሙም ይወርዳል። አራት ስሎት ባለው ቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰካሉ። ቀጥሎ ባዮስ ገብቶ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያስኬድ ሴቲንግ) ማብራት ነው፤ ካልበራ 3200 ተብሎ የተገዛው ራም 2133 ወይም 2666 ላይ ይሮጣል። ይህን ሳያደርጉ ዓመት የሚጫወቱ ሞልተዋል።

ኤስኤስዲው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ቢሆን በቂ ነው፤ በሰከንድ 3500 ሜጋባይትና 7000 ሜጋባይት በሚያነቡት መካከል ጌም ሲከፈት የሚታየው ልዩነት ጥቂት ነው። ይልቅ ኪውኤልሲ (በአንድ ሴል አራት ቢት የሚይዝ) ሳይሆን ቲኤልሲ (ሦስት ቢት የሚይዝ) መሆኑን አረጋግጡ። ኪውኤልሲ ትልቅ ጌም ሲጫንበት የራሱ ካሽ (ፈጣኑ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ሞልቶ ፍጥነቱ ያሽቆለቁላል።

ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ። ፕሮሰሰሩ እስከ 76 ዋት፣ ካርዱ 132፣ የቀረው ሁሉ ተደምሮ 50 ገደማ፤ ስለዚህ እውነተኛ 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። እውነተኛ የሚለው ቃል ይሰመርበት። ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ተመልከቱና የ12 ቮልቱን አምፒር በ12 አባዙ፦ 45 አምፒር 540 ዋት ይሰጣል። 30 አምፒር ካለ 360 ዋት ብቻ ነው፤ 550 የሚለው ትልቁ ጽሑፍ ለማሳመሪያ ነው። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚለው ምልክት የሚናገረው ስለ ኃይል ብክነት እንጂ ስለ ጥራት አይደለም። ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ፈጽሞ አትሰኩበት፤ የፒን አደራደሩ ስለሚለያይ ድራይቭ ያቃጥላል።

ኬዙ መስታወትና መብራት ሳይሆን ከፊት አየር የሚያስገባ ይሁን፤ ሁለት ፋን ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይበቃል። የካርዱን ርዝመት አስቀድማችሁ ለኩ።

ሲገጣጠም በብዛት የሚበላሸው የ5600 ማቀዝቀዣ ላይ ነው። አብሮት የሚመጣው በአራት ብሎን ስለሚታሰር ቦርዱ ላይ ያሉት ሁለት ፕላስቲኮች መጀመሪያ ይፈታሉ፤ ሲፈቱ ከጀርባ ያለው ብረት ስለሚወድቅ በእጅ ይደገፍ። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። ቴርማል ፔስቱ ተቀብቶ ስለሚመጣ አትደርቡበት። በኋላ ማቀዝቀዣውን ማንሳት ካስፈለገ ኮምፒውተሩን ትንሽ አሠርታችሁ ፔስቱ ሲሞቅ አጥፉና ገመዱን ነቅላችሁ፣ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት፤ ቀጥ አድርጎ መሳብ ፕሮሰሰሩን ከነፒኑ ከሶኬት ያወጣዋል፣ ፒንም ያጣምማል።

ሁሉም ተሰክቶ ምስል ካልመጣ የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ መሰካቱን እዩ፤ ቦርዱ ላይ ከሆነ 5600 ምስል አያወጣም። ቀጥሎ ከፕሮሰሰሩ በላይ ያለውን ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ፣ ከዚያ ራሙ ቀጭ እስኪል መግባቱን። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ደግሞ የሞኒተሩን ሪፍሬሽ ሬት (በሰከንድ ምስሉን የሚያድስበትን ብዛት) ከዲስፕሌይ ሴቲንግ አስተካክሉ፤ 144 ኸርዝ ሞኒተር ሳይነካ 60 ላይ ሊቀመጥ ይችላል።