ጠጅ ወይስ ጠላ?

ከእንጦጦ ብርድ ወርዶ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ የደረሰ እንግዳ ምን ይቅመስ?

ጠጅ በየባህል ምግብ ቤቱ አይጠፋም። ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ ይጠመቃል፤ በብርሌ ይቀርባል። ከጥብስ ጋር ግሩም ነው። ጣፋጭነቱ ግን ያዘናጋል፣ አናት ላይ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ደረቁን ትተው በለስላሳው ይጀምሩ። አልኮል የማይፈልግ ብርዝ ይዘዝ።

እኔ ግን ለጠላ አደላለሁ። ጠላ የጠማቂዋ እጅ ሥራ ነው። ጋኑ በወይራ ይታጠናል። ጌሾና ብቅሉ ይጠነሰሳል፣ እንኩሮው ይታመሳል፣ ከዚያ ቀን ይጠበቃል። ጥሩ ጠላ ሲቀምሱት መጀመሪያ ጭሱ፣ ቀጥሎ የጌሾው ምሬት ይመጣል። ከጠጅ ይቀላል፣ ጥምም ይቆርጣል። መሀል ከተማ ላይ እንደ ጠጅ በቀላሉ አይገኝም። በዓል ከሆነና ቤት ከተጋበዙ ግን እንዳያመልጥዎ።