ለአንገት ሕመም፦ የሞቀ ፎጣ ወይስ ሌዘር?

ሀዋሳ ላይ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ የዋለ ሰው ማታ አንገቱን እያሻሸ ይገባል። ምን ይሻለዋል?

ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ማድረግ ወጪ የለውም። የተወጠረውን ጡንቻ ያላላል። ቆዳው የደነዘዘበት ሰው ግን ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል።

ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ሌላ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ በሚያመው ቦታ ቆዳ ላይ የሚበራ የብርሃን ሕክምና ነው። ኃይሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሚሊዋት ስለማይበልጥ እንደ ፎጣው አያሞቅም። ብርሃኑ ሴል ውስጥ ያለውን ማይቶኮንድሪያ (የሴሉን ኃይል አመንጪ) ያነቃቃል ይባላል። ነገሩን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሀንጋሪያዊው ሐኪም እንድሬ ሜስተር ሲሆን፣ መጀመሪያ ያየው የአይጦች ፀጉር ቶሎ ሲበቅል ነው። ለአንገት ሕመም እንደሚያግዝ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ግን ምልልስ አለው፤ ምልልስ ደግሞ ብር ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳይሰጥህ የሚጀምር ካጋጠመህ ተነስተህ ውጣ!

እኔ ብሆን በፎጣው እጀምራለሁ። እጅ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ሁለቱም ይቆዩ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።