የሚላን ሳሎኔ ዴል ሞቢሌ ሪቪው፣ ከነከተማው

ስለ ሚላኑ የፈርኒቸር ኤግዚቢሽን የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ኤፕሪል በደረሰ ቁጥር ፊኒሺንግ የሚሰራው፣ ፈርኒቸር ቤት ያለው፣ ኢንቲርየር ዲዛይን የሚማረው ሁሉ «ቪዛ ወጥቶልኛል፣ ስንት ቀን ይበቃኛል» ነው። እኔ እዚሁ ነው የምኖረው፣ መልሴም አጭር ነው፦ ለኤግዚቢሽኑ አንድ ቀን፣ ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል፣ የቀረውን ለከተማው ስጡት። ይሄን ስል የሚናደዱብኝ አሉ፣ ይናደዱ።

እስቲ መጀመሪያ ኤግዚቢሽኑን እንይ። ሳሎኔ ዴል ሞቢሌ በ1961 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የጣሊያን ፈርኒቸር አምራቾች ዕቃቸውን ውጭ ለመሸጥ ብለው የጀመሩት ነው፣ አሁን በዘርፉ ከዓለም ትልቁ የሚባለው እሱ ነው፣ በ2025 ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል። ቦታው ሚላን መሃል እንዳይመስላችሁ፣ ከ2006 ጀምሮ ከከተማው ወጣ ብሎ ሮ የሚባል ቦታ ነው የሚካሄደው፣ ማሲሚሊያኖ ፉክሳስ የሰራው ያ ከላይ ማዕበል የመሰለ የመስታወት ጣራ ያለው ግቢ ውስጥ። ጣራው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ አዳራሾቹ ደግሞ ግራና ቀኝ ናቸው፣ ስለዚህ ታኮ ጫማ የሚባል ነገር እርሱት። ከማክሰኞ እስከ እሁድ ነው፣ ለማንኛውም ሰው የሚከፈተው ግን ቅዳሜና እሁድ ነው። ድርጅት ካላችሁ በድርጅታችሁ ስም በኦንላይን ቀድማችሁ ተመዝገቡና በአዘቦት ቀን ግቡ፣ ቅዳሜ ዕለት ዕቃ ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው የምታዩት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኪችን በየዓመቱ የለም! የኪችኑ ክፍል ዩሮኩቺና ይባላል፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በ2024፣ በ2026 እያለ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፣ በመሃል ባሉት ዓመታት ደግሞ የመብራቱ ዩሮሉቼ ነው። ኪችን ካቢኔት የምትሰሩ ሰዎች መብራት በሚታይበት ዓመት መጥታችሁ «ምንም የለም» እያላችሁ አታማርሩ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ተራው የማን እንደሆነ እዩ።

ገብታችሁ ምን ታዩ? እኔ ሁሌ የምለው ከላይ አትዩ ነው። ከላይ ያለውን በስልካችሁም አይታችሁታል፣ ከለሩ ይሄ ነው እንጨቱ ያ ነው እያለ ሁሉም ይለጥፈዋል። ጎንበስ በሉና ከስር እዩ። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ከኋላ በኩል ምን እንደሸፈኑት፣ ማጠፊያው የት ተደብቆ እንደገባ፣ ድንጋዩ ጥግ ላይ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ ሲጋጠም መስመሩ ይታያል ወይ አይታይም፣ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ እዩት። እኛ ጋ ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የሚሰራው የእንጨት ቦርድ) ቤት ሄዶ ካቢኔት ያሰራ ሰው ጣጣው በሙሉ ከኋላና ከጥጉ እንደሚመጣ ያውቃል፣ የነሱ ዋጋ የሚሄደውም እዛው ላይ ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጠይቁ። አንድ ስታንድ ላይ ሶፋ ልሞክር ብዬ ልቀመጥ ስል ልጅቷ ሮጣ መጥታ ከለከለችኝ፣ እሺ የማይቀመጡበት ሶፋ ምኑ ይገመገማል? ስማቸውን ሳልጠራ አልፌዋለሁ።

ከውስጡ የኔ ምርጥ ሳሎኔ ሳተሊቴ ነው። በ1998 ማርቫ ግሪፊን የጀመረችው ነው፣ ዕድሜያቸው ከ35 በታች የሆኑ ዲዛይነሮች ፋብሪካ ያላገኘ ስራቸውን ይዘው የሚቀርቡበት። ትልልቆቹ ጋ ሻጭ ነው የሚያናግራችሁ፣ እዚህ ግን የሰራው ልጅ ራሱ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ሙጫው እንዴት እንዳስቸገረው ሁሉ ይነግራችኋል። ጊዜያችሁን እዚህ ጨርሱት።

ትራንስፖርቱ ቀላል ነው ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቀዩ ሜትሮ፣ ኤም 1 ማለት ነው፣ መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ባቡር ወደ ቢሼሊዬ ነው የሚሄደው፣ ፊት ለፊቱ ላይ ሮ ፊየራ የሚለውን ብቻ ተሳፈሩ። ሁለተኛ ተራው የከተማ ቲኬት እዛ ድረስ አያደርስም፣ መውጫው በር ላይ ከነሻንጣው ተገትሮ የሚቀር ሰው በየዓመቱ አለ፣ እስከ ሮ የሚለውን ግዙ ወይ በባንክ ካርዳችሁ ነክታችሁ ግቡና ሂሳቡን ራሱ ያስበው። ሆቴል በዛ ሳምንት እሳት ነው። ሴስቶ ሳን ጆቫኒ በኩል ፈልጉ፣ የዚሁ የቀዩ መስመር ሌላኛው ጫፍ ስለሆነ ሳትቀያይሩ ቀጥ ብላችሁ ትደርሳላችሁ።

ከዛ ፉኦሪሳሎኔ አለላችሁ፣ በዚሁ ሳምንት ከተማው ውስጥ በየሰፈሩ፣ ብሬራ ቶርቶና ኢዞላ ፖርታ ቬኔዚያ የሚካሄደው፣ አብዛኛው ነጻ ነው። ስለሱ ስሜቴ የተደበላለቀ ነው። ጥሩ ጎኑ ሌላ ጊዜ ዝግ የሆኑ የድሮ መኳንንት ቤቶች ግቢያቸውን ይከፍታሉ፣ ብሬራ ውስጥ በተከፈተ በር ሁሉ ግቡ፣ የተደረደረውን ወንበር ትታችሁ ደረጃውንና ወለሉን እዩ። መጥፎው ሰልፉ ነው። አንድ ታዋቂ ብራንድ በር ላይ ሰው ሁለት ሰዓት ተሰልፎ ገብቶ አምስት ደቂቃ አይቶ የጨርቅ ቦርሳ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ለቦርሳው ነው በቃ። ረጅም ሰልፍ ካያችሁ እለፉት፣ የሚቀጥለው ግቢ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ከሁሉም በፊት ቪላ ኔኪ ካምፒሊዮ። ኔኪ ማለት የልብስ ስፌት መኪናው ኔኪ ነው፣ የዛ ቤተሰብ ቤት ነው፣ ከ1932 እስከ 1935 ፒዬሮ ፖርታሉፒ ሰራላቸው፣ ዛሬ ፋይ የሚባለው የቅርስ ድርጅት ይዞት ለህዝብ ክፍት ነው። ኤግዚቢሽኑ ላይ ሶፋ ታያላችሁ፣ እዚህ ግን ሶፋው ከመስኮቱ ምን ያህል እንደራቀ፣ ጠዋት ፀሐይ በየት እንደምትገባበት፣ አገልጋዩ በየት በር እንደሚመጣ ነው የምታዩት። በረንዳው ላይ ያለው መስታወት ድርብ ነው፣ በሁለቱ መስታወት መሃል አትክልት ተተክሏል፣ ቁጭ ብላችሁ ስታዩ የውስጡ አትክልት የት አልቆ የውጪው ግቢ የት እንደሚጀምር ግራ ይገባችኋል። ቀጥ ያለው የፖርታሉፒ መስመር ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ባለቤቶቹን ሳይቀዘቅዛቸው አልቀረም፣ ቶማዞ ቡዚ የሚባል ሌላ አርክቴክት አምጥተው የተወሰኑትን ክፍሎች በድሮ ፈረንሳይ ስታይል አስለወጡት። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጣዕም ሲጣላ ታያላችሁ፣ ደንበኛችሁ ስራችሁን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ያስለወጠባችሁ ሰዎች በደንብ ይገባችኋል ሃሃ። ለኔ የቀድሞው ያሸንፋል።

ቀጥሎ አዲ ዲዛይን ሙዚየም፣ በ2021 የተከፈተው፣ ከ1954 ጀምሮ የሚሰጠውን ኮምፓሶ ዶሮ (የወርቅ ኮምፓስ ማለት ነው) የሚባል የዲዛይን ሽልማት ያገኙ ዕቃዎች ስብስብ ያለበት ነው። አርኮ የሚባለውን መብራት ታውቁታላችሁ፣ ያ እግሩ እብነበረድ የሆነ፣ ቀስት መስሎ ሶፋ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ኮፒው ያልገባበት ሳሎን የለም። የካስቲሊዮኒ ወንድማማቾች በ1962 የሰሩት ነው። እብነበረዱ ላይ ያለችው ቀዳዳ ለጌጥ አይደለችም፣ ድንጋዩ 65 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን የመጥረጊያ እንጨት አስገብታችሁ ለሁለት እንድታነሱት ነው። ጠርዙም የተሸረፈው ሰው ሲጋጨው እንዳይጎዳው ነው። ኮፒ የሚያደርጉት ቀዳዳውን እንኳን ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ይቀዳሉ። አኪሌ ካስቲሊዮኒ በጣም ይኮራባት ከነበሩት ስራዎቹ አንዷ ደሞ የአባዡር ገመድ መሃል ላይ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ ናት፣ ሰው ማን እንደሰራት ሳያውቅ ከዕቃ መሸጫ የሚገዛት። እሷን ሳስብ የኤግዚቢሽኑ የሃያ ሺህ ዩሮ ጠረጴዛ ትንሽ ያስቀኛል።

ማታ ማታ ፖርታ ቬኔዚያ ናችሁ፣ የኛ ሰፈር ነው። በቪያ ሜልዞ፣ በፓንፊሎ ካስታልዲ፣ በነሱ ዙሪያ የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤቶች በሽ ናቸው፣ እንጀራ የናፈቀው ይብላ። ከመብላታችሁ በፊት ግን እዛው ማልፒጊ መንገድ ላይ ያለውን ካዛ ጋሊምበርቲ ቀና ብላችሁ እዩት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ፎቅ ነው፣ ግድግዳው በሙሉ ሰው የተሳለበት ሴራሚክ ነው፣ ሀበሻው በየቀኑ ከስሩ እያለፈ ቀና ብሎ አያየውም። ከቶርቶና የምትመጡ ከሆነ ትራም 9 ከፖርታ ጄኖቫ ያመጣችኋል። በሌሎቹ መስመሮች ላይ ደግሞ ያ የ1928ቱ ሞዴል ቢጫ ትራም ካጋጠማችሁ አትለፉት፣ አግዳሚው እንጨት ነው፣ አሁንም ይሰራል።

ቡና ቆማችሁ ጠጡ፣ ተቀምጣችሁ ከጠጣችሁ ዋጋው ሌላ ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለኤግዚቢሽኑ ከአምስት ሶስት ተኩል፣ ሳተሊቴ ባይኖር ሶስት ነበር፣ ለፉኦሪሳሎኔ ሶስት፣ ለቪላ ኔኪ አምስት። የዲዛይን ሰው በሙሉ ማታ የሚሰበሰበው ባር ባሶ ነው፣ ኔግሮኒ ዝባሊያቶ የሚባለውን ኮክቴል የፈለሰፉት እነሱ ናቸው፣ በትልቅ ብርጭቆ ነው የሚያመጡላችሁ፣ ሰዉ መንገድ ላይ ፈስሶ ስለሚቆም ስራ የምትፈልጉ ልጆች ቢዝነስ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሜትሮው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ያቆማል፣ ከዛ በኋላ ባስ ነው።